ፒንሳ ይዞ ጣሪያ ላይ የወጣው ጎረቤት

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ አፉ እምቢ ማለት አይችልም።

የጠየቅኸኝን አልዘለልኩትም። «ሰው ሳላስቀይም እምቢ የምለው እንዴት ነው?» ብለኸኛል። መልሱን ቀጥታ ብነግርህ ራስህን ነቅንቀህ ትሄዳለህ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የልብስ ሰፊውን ነገር ስማ።

ዘርጋው ይባላል። አምስት አባወራ በአንድ የውኃ ቧንቧ በሚጠቀምበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ይኖራል፤ ያለችውን ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ ግማሹን ለመኝታ፣ ግማሹን ለስፌት አድርጓታል። ሱሪ አሳጥርልኝ ያለውን «ለነገ» ይለዋል፤ ቀሚስ አጥብብልኝ ያለችውንም «ለነገ» ይላታል። ነገ ሲመጣ ስድስት ሰው በሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ሚስቱ ብርነሽ «አንተ ሰው፣ አንዱን ነገ ለስንት ሰው ነው የሰጠኸው?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ስድስቱም ሲቆጡት ይስቃል። እምቢ በል ብትለው ግን ሳቁ ይጠፋል።

ብርነሽ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ አፍንጫ ጠርጋለች፣ የጫማ ክር አስራለች፣ የሚያለቅስ አባብላለች። ዋና መምህርት ሆና ከሰሌዳው ፊት ለመቆም ግን ዲፕሎማ ጠየቋት። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በኢንተርኔት ተማረች። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ያስገቡትም ለዚሁ ብለው ነው።

ዋይፋዩ የገባ ቀን ባለሙያዎቹ ገመዱን የሚያሳልፉበት አጡ። ከመንገዱ ምሰሶ እስከ ዘርጋው ክፍል ለመድረስ የጎረቤቱን ጣሪያ ማቋረጥ ግድ ሆነ። ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነው፤ በውትድርና ዘመኑ የስልክ ሽቦ በትከሻው ተሸክሞ በየጋራው ሲዘረጋ የኖረ። ፈቃድ ሲጠየቅ «ጣሪያዬ ላይ ያለው ዝናብ ብቻ ነው፤ ሽቦ ቢጨመርበት ምን ይሆናል?» አለና መሰላሉን ራሱ ይዞ ቆመ።

ዘርጋው ልቡ ተነካ። የክር ካርቶን አንዱን ጎን ቆረጠና በልብስ ማስመሪያው ጠመኔ ፓስወርዱን ጽፎ ቧንቧው ላይ አንጠለጠለው። ጎረቤት የሚለው ቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፤ ከኋላው አንድ ሁለት ሦስት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ ዋይፋይም ቀድቶ ይሄዳል። ከማዶ ግቢ ባዶ ጀሪካን ይዘው የሚመጡ ጎረምሶች ነበሩ፤ ጀሪካኑ ባዶውን ይመለሳል።

የብርነሽ ፈተና ደረሰ። ፈተናው በካሜራ ፊት ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ። መስመሩ ከሄደ ፈተናው በራሱ ይዘጋል። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትልቅ የእግር ኳስ ጨዋታ አለ። ግቢው በሙሉ ስልኩን ከፍቶ ተቀመጠ። ብርነሽ አራት ጥያቄ ሲቀራት ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ትሽከረከር ጀመር። ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረችና ፈተናው ተዘጋ። በዚያችው ቅጽበት ግቢው «ጎል» ብሎ ጮኸ።

አላለቀሰችም። ኮምፒውተሩን ዘጋችና ዘርጋውን አየችው። ዘጠኝ ዓመት ሕፃናትን ስታይ የኖረች ሴት ነች፤ ሳትቆጣ ታስፈራለች።

«ከወር በኋላ አንድ ዕድል ይሰጡኛል» አለችው። «አንድ ብቻ። እሱም ከተበላሸ ሁለቱን ዓመት እንደገና ነው።»

«አይበላሽም» አላት።

«እንዴት?»

«እቀይረዋለሁ። ፓስወርዱን።»

በማግስቱ እሑድ ከምሳ በኋላ በሩን ዘጋና የዋይፋዩን ሳጥን ገልብጦ ከታች የተለጠፈችውን ወረቀት አነበበ። ቁጥሯን ስልኩ ላይ ጻፈ፤ አንድ በእንግሊዝኛ የተሞላ ገጽ ተከፈተለት። ብርነሽ እያነበበች፣ እሱ እየነካ ሄዱ። አዲሱን ቃል አስገባ ሲለው ብዙ አላሰበም። የሠርጓን ቀሚስ የሰፋላት እሱ ነው፤ የትከሻዋን፣ የእጅጌዋን፣ የወገቧን፣ የቁመቷን ልክ በቃሉ ያውቀዋል። አራቱን ልክ ተራ በተራ ደረደራቸው። «ይህን ማንም አይገምተውም» አለ። «ዛሬ ወገቤን ቢለኩማ ጭራሽ አይገቡም» አለችው።

መጨረሻዋን ሲነካ ሳጥኗ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ ጠፉ። «ገደልኳት» አለ ዘርጋው። ከዚያ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆነው ተመለሱ።

ግድግዳው የጭቃ ነው፤ የጎረቤት ትንፋሽ ያሳልፋል። ከወዲያ ማዶ ሃምሳ አለቃው የሚያዳምጠው የድሮ ጦርነት ታሪክ ነበር፤ ተራኪው «ጠላት በስተግራ በኩል» ብሎ ቀጥ አለ። ሃምሳ አለቃው ስልኩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ወንበሩ ተንቋቋ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

«ዘርጋው፣ ይቺ ነገር ምን ሆነች?»

እዚህ ላይ ልብ በል። ዘርጋው ቁርጡን ይዞ ነበር። ፓስወርዱን ሲቀይር አላመነታም፤ አሁንም መልሶ የመስጠት ሐሳብ የለውም። የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያደረገውን በአፉ መናገር። በሩን ከፈተ። መሰላል ይዞ የቆመለት ሰው ፊቱ ቆሟል።

«መስመሩ ነው መሰለኝ፣ ሃምሳ አለቃ» አለ። «ተበላሽቷል።»

«ከየት በኩል?»

«ከውጭ በኩል።»

«ከውጭ በኩል» አለ ሃምሳ አለቃው ለራሱ፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና ሄደ።

ብርነሽ ከመጋረጃው ኋላ ሰምታለች። «ቀይሬዋለሁ በላቸው። አንዲት ቃል ናት።»

«አንዲት ናት» አላት። «ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች።»

ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ኑሮውን ልንገርህ። ጠዋት ቧንቧ ጋ ሲሄድ «ተሠራ?» ይሉታል። «አልተሠራም።» «ደውልላቸው እንጂ።» «ደውያለሁ፤ ይመጣሉ።» በማግስቱ ጠዋት እንደገና «መጡ?» ይሉታል። «ነገ ነው ያሉት።» ለደንበኞቹ ይለው የነበረውን ነገ ለጎረቤቶቹም አዋለው። ፊቱን ላለማሳየት ውኃ የሚቀዳበትን ሰዓት ቀየረ። ካርቶኑን ከቧንቧው ላይ አንስቶት ቢሆን «ለምን አነሣኸው?» ይሉታል፤ ስለዚህ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የማይሠራ ፓስወርድ እንደ ማስታወቂያ።

የሳጥኗ መብራት በመስኮቱ በኩል ይታያል ብሎ ካኪ ጨርቅ ጣለባት። አሁንም ጎልቶ ታየው። የስፌት መኪናውን የእንጨት ክዳን ደፋባት። ሳጥኗ ከውስጥ ጋለች፤ መስመሩ ደከመ። ብርነሽ ትምህርቷን በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፅዋን አፍና፣ እንደ ሰረቀ ሰው ነበር የምትከታተለው። አንድ ቀን አስተማሪዋ ቀልዶ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ክዳኑን ገልጣ የጋለችውን ሳጥን ዳሰሰችና «ከሕዝቡ ገላግለህ በጨርቅ አፈንከኝ» አለችው።

ከሁሉም የባሰው ግን የእትዬ ወርቅያንስ ነው። በግቢው ጥግ ያለችውን ክፍል የያዙ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ እረፍት የሚሰጧት እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያች ሰዓት በዋይፋዩ ትደውላለች፤ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዘርጋው ይህን ያውቃል። እግር ኳሱንና ባለ ባዶ ጀሪካኖቹን ሲቆርጥ እሳቸውን ሊቆርጥ አላሰበም ነበር። ሁለተኛው እሑድ ላይ ስልካቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ በመስኮቱ አያቸው። መስመር ከሰማይ ይገኝ ይሆን ብለው ነው።

ልቡ «ጥራቸው» አለው። «ግቡ እዚህ፣ ከእኔ ቤት ያውሯት በላቸው።» ግን በምን አፉ? መስመሩ ተበላሽቷላ። ለእግር ኳሱ ያዘጋጀው ውሸት እትዬ ወርቅያንስንም አብሮ በር ዘጋባቸው፤ እሱ ራሱ ሊከፍትላቸው ቢፈልግ እንኳ አልተከፈተም። መጋረጃውን ስቦ ወደ ስፌቱ ተመለሰ፤ የሰፋውን መልሶ ፈታው፤ እጅጌውን ገልብጦ ነበር የሰፋው።

የፈተናው ቀን መጣ። ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ብርነሽ የተተኮሰ ሸሚዟን ለብሳ ከካሜራው ፊት ተቀመጠች። ሳጥኗን ከክዳኑ አውጥተው ጎኗ አስቀመጧት። «ምንም ነገር ቢመጣ በዚህ በር አይገባም» አላት ዘርጋው። በርጩማውን አውጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። ግማሽ ሰዓት ሞላ። የሚወድቀውን ቅጠል ሁሉ የሚቆጣጠር ይመስል ዙሪያውን ይቃኛል።

የመጣው በበሩ አልነበረም። መሰላል መሬት ሲጭር ሰማ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮ ሲንቋቋ።

ቀና ሲል ሃምሳ አለቃው ጣሪያው ላይ ነው። በአንድ እጁ ፒንሳ፣ በሌላው ጥቁር ናስትሮ ይዟል። እትዬ ወርቅያንስ ከታች ሆነው መሰላሉን ደግፈዋል።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለ ዘርጋው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውስጥ ያለው ማይክ እንዳይሰማው።

«ያቺ ልጅ ዛሬ ፈተና አለባት አሉ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ያለ መስመር በምን ልትፈተን ነው? አንተ እንደሆነ እነዚያን ሰዎች ስትጠብቅ ታረጃለህ። ይኸው አገኘሁት፤ ፀሐይ ልጦታል። እዚህ ጋ እቆርጥና እቀጥለዋለሁ።»

«ይተዉት፣ ባለሙያዎቹ ይመጣሉ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ይመጣሉ ስትል ነበር። መጡ?»

«ሰኞ ይመጣሉ።»

«እኔ በጥይት መሐል ሽቦ ቀጥዬ አውቃለሁ፤ አንተ ደግሞ በሰላም አገር ታስፈራራኛለህ» አለና ገመዱን በግራ እጁ ጨበጠው። ፒንሳው ተከፈተ።

ባለሙያዎቹ ያን ቀን ያሉት ነገር ለዘርጋው ትዝ አለው። ውስጡ የመስታወት ክር ነው፤ ከተቆረጠ ያለ መሣሪያ አይቀጠልም። ዕድሜውን ሙሉ ክር ሲቀጥል የኖረ ሰው፣ ይህን አንዱን ክር መቀጠል አይችልም። ቢጮህ ማይኩ ይሰማና ፈተናው ይበላሻል። ዝም ቢል ይቆረጣል። አንድ ሌላ ውሸት ፈለገ፤ አፉን ከፍቶ ፈለገ፤ አለቀበት።

መሰላሉን ወጣ። እትዬ ወርቅያንስን አለፋቸው። ቆርቆሮውን በጉልበቱ ተንፏቅቆ ደረሰና እጁን በፒንሳውና በገመዱ መሐል አስገባ።

«አይቁረጡት፣ ሃምሳ አለቃ። ደህና ነው። አልተበላሸም። ብርነሽ አሁን በእሱ እየተፈተነች ነው። ፓስወርዱን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ባለፈው በግቢው ሰው መብዛት ወደቀችብኝ። መናገር አፍሬ ዋሸሁዎት።»

ሃምሳ አለቃው እጁን አየ፣ ገመዱን አየ፣ ፊቱን አየ። ፒንሳውን ቀስ ብሎ ዘጋ። ዘርጋው ልመለስ ብሎ እግሩን ሲያነሣ ቆርቆሮው ጮኸ።

«ቁጭ በል» አለው ሃምሳ አለቃው በሹክሹክታ። «ስትወርድ ትረብሻታለህ። ስንት ይቀራታል?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

ተቀመጡ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ የጋለ ቆርቆሮ ላይ፣ እንደ እርግብ። ፀሐዩ አናታቸው ላይ ወጣ። የማዶ ግቢ ጎረምሶች አይተው ሊስቁ ሲሉ ሃምሳ አለቃው ፒንሳውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛቸው። ከዚያ ወደ ዘርጋው ዞረ።

«እኔን ለምን አልነገርከኝም?»

«ጣሪያዎን ሰጥተውኝ እንዴት እከለክላለሁ ብዬ።»

«ጣሪያውን ለገመዱ ነው የሰጠሁት፤ ገመዱ አሁንም አለ» አለ ሃምሳ አለቃው። ወደ ታች ወደ መሰላሉ አየ። «ወርቅያንስንም አውቀህ ነው የከለከልካት?»

«አይደለም። ብፈቅድላቸው ውሸቴ ይታወቃል ብዬ ነው።»

ከታች እትዬ ወርቅያንስ መሰላሉን እንደያዙ ነበር። ሰምተዋል። መሰላሉን ግን አልለቀቁትም።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ብርነሽ ፊቷ በላብ ወዝቶ ወጣች፤ በርጩማው ላይ ሰው የለም። ዙሪያዋን አየች፤ ቀና አለች።

«እዚያ ምን ታደርጋለህ?»

«በር እየጠበቅኩ ነው» አላት።

«ጨርሻለሁ» አለች። «እስከ መጨረሻዋ ጥያቄ።»

ሃምሳ አለቃው ቀድሞ ወረደ፤ ፒንሳውን ኪሱ ከተተና ዘርጋው እስኪወርድ ጠበቀው። «ፓስወርድ መቀየርህ አይደለም የከፋኝ» አለው። «የቤትህ ነው፤ አስር ጊዜ ቀይረው። ቂል አድርገህ ጣሪያ ላይ ያወጣኸኝ ነው።» ገባና በሩን ዘጋ። ሁለት ሳምንት ሰላምታ አልሰጠውም። በሦስተኛው ሳምንት ሱሪ ይዞ መጣ። «ለመቼ ይደርሳል?» አለው። ዘርጋው «ለነገ» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። «ለነገ አልችልም፤ ለሐሙስ» አለ። ሃምሳ አለቃው «ሐሙስ ይሁን» ብሎ ሄደ። ያ ብቻ ነበር።

ፓስወርዱን መልሶ አልሰጠም። ካርቶኑን ገለበጠና በጀርባው በጠመኔው «ቀይሬዋለሁ፤ የብርነሽ ትምህርትና ሥራ ነው። የጨነቀው ያንኳኳ» ብሎ ጽፎ ቧንቧው ላይ አንጠለጠለው። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ባለ ባዶ ጀሪካኖቹ ከዚያ ወዲያ አልመጡም። እትዬ ወርቅያንስ ግን በፈተናው ማግስት፣ እሑድ፣ አንኳኩ። ከስፌት መኪናው ጎን አስቀመጣቸው፤ ልጃቸው ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል «የት ጠፍተሽ ነው፣ እማዬ?» አለቻቸው። ዘርጋውን በዓይናቸው ገረፍ አደረጉት። «መስመር ተበላሽቶ ነበር፤ አሁን ተሠራ» አሏት። ዘርጋው አንገቱን ደፋ። የብርነሽ ውጤት በወሩ መጣ፤ አልፋለች፤ ዛሬ ከሰሌዳው ፊት ናት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። «ሰው ሳላስቀይም» አልከኝ። ጥያቄህ እዚያ ጋ ነው የተጣመመው። እምቢ ያልከው ሰው ትንሽ ይከፋዋል፤ ይክፋው፤ ሁለት ሳምንት ነው፣ ከዚያ ሱሪውን ይዞ ይመጣል። የዋሸኸው ሰው ግን አይከፋውም፤ ያዝንልሃል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ አዝኖልህ ሊረዳህ ይነሣል።

አንተ የእድሩ ጸሐፊ ሁን ሲሉህ ምን አልክ? ማታ ማታ ትምህርት አለብኝ፣ አልችልም አላልክም። ወገቤን ታምሜያለሁ አልክ። ያልሰማኸውን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ትናንት ተሰብስበው ነበር። «ልጁ በዚህ ዕድሜው ወገቡን» ብለው አዝነዋል። አንዷ አጥሚት ልታዘጋጅ ነው። ሰብሳቢው ከገጠር የታወቀ ወጌሻ አስጠርቷል፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይዘውልህ ይመጣሉ፤ ሁለት ሰው ይይዝሃል፣ ወጌሻው ጤነኛ ወገብህን ሊያቃናልህ።

ልብስ ሰፊው ፒንሳው እስኪከፈት ጠበቀ። አንተ አትጠብቅ። ዛሬውኑ፣ አሁን፣ ሰብሳቢው ቤት ሂድና ቀጥ ብለህ ቁም፤ ቀጥ ብለህ መቆምህ ራሱ ግማሹን ይነግርልሃል። ግማሹን አንተ ተናገር።